ሰባቱ የሀኒያ ድምፆች

መስከረም 11 ቀን 2014

ይህን ደብተር የገዛሁት ፕሮግራሜ የሚያሳየኝን ስህተት ሁሉ ከነቀኑ ልመዘግብበት ነበር። ደሴ ኮሌጅ ሳለን መምህራችን እንዲህ አድርጉ ይለን ነበር። እኔ ግን ሌላ ሌላውንም መጻፍ ይዣለሁ። የሚያነበው የለም።

ዛሬ ፕሮግራሙ ሠራ፣ አልሃምዱሊላህ! ስልክ በኬብል ሲሰካ ድምፁንና ፎቶውን አንስቶ፣ ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ በባለቤቱ ስም ፎልደር ከፍቶ፣ አንድ ሁለት ሦስት እያለ ቁጥር ሰጥቶ ያስቀምጣል። ሦስት ወር ያንገላታኝ ሁለት ነገር ነው። ስምና የአባት ስም ሲጻፍ መሃሉ ክፍት ይሆናል፤ የዊንዶውስ ትእዛዝ እዚያ ላይ ሲደርስ ስሙን ለሁለት ቆርጦ ያነብና እንዲህ የሚባል የለም ይለኛል። ስሙን በጥቅስ ምልክት መክበብ ብቻ ነበር መድኃኒቱ። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሜ ትእዛዙን ሰጥቶ ሳይጠብቅ "ተጠናቋል" ይላል፤ ባለስልኩ ኬብሉን ይነቅላል፤ ግማሹ ፋይል መንገድ ላይ ይቀራል። አሁን እስኪያልቅ ቆሞ እንዲጠብቅ አድርጌዋለሁ። ለራሴ የሌለኝን ትዕግሥት ለእሱ አስተማርሁት።

ዲ ላይ "ሀኒያ" የሚል ፎልደር አለ፤ ሰባት ድምፅ አለበት። የሌላው ሰው ፎልደር ሁሉ ከነአባት ስሙ ነው፣ የእሷ ብቻ ሀኒያ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን አድገን የአባቷን ስም ምን ያደርግልኛል? ከሳዑዲ በእኔ ስልክ በኩል ለእናቷ ለእትየ ረቢያ የላከቻቸው ናቸው። እትየ ረቢያ የሚኖሩት አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው፤ ስልክ የላቸውም። በገበያ ቀን ሁሉ እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ ፎቶና ኮፒ የምሠራበት ሱቄ መጥተው፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጌላቸው፣ ሰባቱንም በተራ ይሰማሉ። ከጥር ወዲህ አዲስ የለም። የእኔም ስልክ ሰኔ ላይ ከነቁጥሩ ጠፋ፤ ስለዚህ ያለው ይኸው ዲ ላይ ያለው ብቻ ነው። ፍላሽ ላይ አንድ ቅጂ ላስቀምጥ እላለሁ። ነገ እላለሁ።

መስከረም 13

በጥድፊያ። ከወልድያና ከመርሳ የተፈናቀሉ ሰዎች መናኸሪያውን ሞልተውታል። የመታወቂያ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ማመልከቻ። መብራት ይመጣል ይሄዳል። ሰልፉ ጎረቤቴ ታረቀኝ ልብስ የሚሰፋበት በር ድረስ ደርሷል። ፕሮግራሙ በየመሃሉ እየቆመ "ይህ ፋይል አስቀድሞ አለ" ይለኛል። ሁለት መስመር ጨመርሁበት፦ ካለ አጥፋውና ቀጥል። ጸጥ አለ። ተገላገልሁ።

መስከረም 15

እትየ ረቢያ መጡ። እንደ ልማዴ ማዳመጫውን አደረግሁላቸውና የሌላ ሰው ፎቶ ወደ መቁረጡ ዞርሁ። ሀኒያ በድምፅ "እማየ እንዴት ነሽ" ስትላቸው እሳቸው ጮክ ብለው "አልሃምዱሊላህ ልጀ" ብለው ይመልሳሉ፤ ሰልፈኛው ሁሉ ይስቃል፣ እሳቸው ግድ የላቸውም። ዛሬ መልስ አልሰማሁም። ቀና ስል አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል።

"ኡሙየ፣ ይሄ ወንድ ነው" አሉኝ፣ ኡሙሰልማ የሚለውን ስሜን አቆላምጠው።

ነጠቅሁና ሰማሁ። አንድ ሰው "ልጁን ብርድ እንዳይመታብኝ" ይላል። ሁለተኛውንም ከፈትሁ፣ ያው ሰው። ሰባተኛውም ያው። ስምንተኛና ዘጠነኛም አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሐሙስ ዕለት አንዲት የመርሳ ሴት ልጅ አዝላ መጥታ ነበር፤ የስልኳ መስታወት ተሰነጣጥቆ ሊጠፋ ሲል፣ "ባሌ ከዘመተ ወዲህ የላከልኝ ድምፅ ነው፣ አስቀምጭልኝ" አለችኝ። ስምሽ ማን ነው አልኋት። ሀኒያ አለች። ሰልፉ ይገፋል፤ የአባቷን ስም አልጠየቅሁም። ፕሮግራሙ "ሀኒያ" የሚል ፎልደር አገኘ፤ አንድ የሚባል ፋይል አገኘ፤ አጠፋና የእሷን አስገባ። ሁለት አገኘ፤ አጠፋ። እስከ ሰባት። ያዘዝሁትን ነው የሠራው።

"ማሽኑ ትንሽ ታሟል እትየ፣ በሚቀጥለው ገበያ ይሰማሉ" አልኋቸው።

"አላህ ያሽረው" አሉ። ለኮምፒውተሩ! እጃቸውን የፊደል ሰሌዳው ላይ ጭነው ዱዓ አደረጉለትና ሄዱ። እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ።

ያው ቀን፣ ማታ

ሪሳይክል ቢን ውስጥ ፈለግሁ፤ ባዶ ነው። እንደሚሆን ማወቅ ነበረብኝ። ሰው በእጁ ሲሰርዝ ዊንዶውስ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጥለታል፤ ቢጸጸት ይመልሰዋል። ፕሮግራም እንደኔ ባለ ትእዛዝ ሲሰርዝ ግን ቅርጫት የለም፣ "እርግጠኛ ነሽ ወይ" የለም። ወደ ቅርጫቱ እንዲጥል ማዘዝ ይቻላል፤ አንድ መስመር ነው። አውቀው ነበር። ይዘገያል ብዬ ተውሁት።

እትየ ረቢያ አራተኛውን ነው በጣም የሚወዱት። ሀኒያ የአሠሪዋን አነጋገር ስታስመስል መሃሉ ላይ ሳቋ ያመልጣታል። ያን ሳቅ እኔም እወደው ነበር። ኑዛዜ አይደለም ይሄ፤ የስህተት መዝገብ ነው።

መስከረም 17

በአዲሱ ስልኬ ሰላሀዲን ጋ ደወልሁ። ኮሌጅ አብሮኝ የተማረ ነው፣ አሁን ደሴ ኮምፒውተር ይጠግናል። መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ቀጥሎ ተቆጣኝ።

"ስሚ፣ የተሰረዘ ፋይል ወዲያው አይጠፋም። ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል እንጂ ድምፁ እዚያው ተኝቷል። ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው የሚሞተው። ከሐሙስ ወዲህ ዲ ላይ ምን ጻፍሽ?"

"ምንም" አልሁት። መቶ አርባ ፎቶና የሰው ሁሉ ማመልከቻ ጽፌበታለሁ።

"ስንት ፋይል ነው?"

ስምንት አልሁት። ከዚያ ሰባት አልሁ። ሰባት ነው። ደንግጬ ነው እንጂ ሰባት ነው።

"አጥፊው ኮምፒውተሩን። ዲስኩን ፈትተሽ አምጭልኝ።"

እሺ አልሁት።

መስከረም 19

አልዘጋሁም። እንዴት ልዝጋ? ዛሬ አንድ አባት ልጁ ስለጠፋበት ማስታወቂያ አሠራ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር እርዳታ ለማግኘት ማመልከቻ ያስፈልጋት ነበር። በፍላሽ ላይ ለመሥራት ሞከርሁ። ግን ዊንዶውስ ራሱ ሳልጠይቀው የራሱን ነገር ዲ ላይ ይከትባል። እያንዳንዷ ፊደል ስትጻፍ ከሀኒያ ድምፅ ላይ የተቆረሰች ይመስለኛል። "እማየ" የሚለው ይሆን ዛሬ የሄደው? ሳቋ ይሆን?

እውነቱን ለመናገር ለተፈናቃዮች ብዬ ብቻ አይደለም ያልዘጋሁት። ዲስኩን ሰላሀዲን ጋ ከወሰድሁት የተሰረዘውን ሁሉ ያወጣዋል። ሁሉንም። እና ምን ይጠበስ? ምንም።

መስከረም 21

ታረቀኝ በየዓመቱ ዛሬን ግሸን ነው የሚውል። ዘንድሮ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ወደ አምባሰል ተራሮች ዞሮ ተሳለመና ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። ልብስ ሊያስጠብብ የመጣ ሰው "ውጫሌ ላይ ሲተኮስ አድሯል" ሲለው ሰማሁ። ታረቀኝ መርፌውን አስቁሞ ወደኔ አየ።

"ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ሰሞኑን ሰው ሰላም አትይም።"

"ሥራ ነው" አልሁት፣ ጮኼ። ለምን እንደጮህሁበት አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ የተቆረጠ ሸንኮራ ላከልኝ። እሱ ሲልክልኝ የባሰ አፈርሁ።

መስከረም 22

ገበያ። እትየ ረቢያ ገና ሳይቀመጡ "ማሽኑስ ዳነ?" አሉ። ገና ነው አልኋቸው፤ ደሴ ወስጄ አሳክመዋለሁ አልሁ።

"ኡሙየ፣ ቃሉንስ በቃሌ ይዠዋለሁ፣ ሰባቱንም ልንገርሽ እችላለሁ። ድምፁ ነው እየጠፋብኝ ያለው። ትናንት እህቴን ሳስታምም ብውል የልጀ ድምፅ ከእህቴ ድምፅ ተቀላቀለብኝ።" ይህን ሲሉ አላለቀሱም። ከብት ጠፋብኝ እንደሚል ሰው ነው የተናገሩት።

ለመውሊድ ሴቶቹን ሰብስበው ዱዓ ሊያስደርጉላት ነው። ዱበርቲዎቹ፣ ዱዓ አድራጊዎቹ ሴቶች፣ ድምፅዋን ሰምተው ዱዓ ቢያደርጉ ይሻላል ብለው ወስነዋል፤ ሰው ለማያውቀው ሰው ከልቡ አይለምንም አሉ። እንዳመጣላቸው ቃል ገባሁ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው፦

"መቸም አንቺ የነበርሽበት ቤት ነው ያለችው። ክፉዎች አይደሉም ያልሽኝ። እሱ ነው እንቅልፍ የሚሰጠኝ።"

አዎ ብያለሁ። ሳዑዲ ሳለሁ ስለሠራሁበት ስለዚያ ቤት ያልሁት ሁሉ ውሸት አይደለም። ቤቱ ሰፊ ነበር። የራስ ክፍል አለው ብያለሁ፤ አለው። ሴትዮዋ ወደ አገሬ ልሂድ ስላት ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ትለኝ እንደነበር አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርሁም።

መስከረም 25

ፈታሁት። አራት ብሎን ነው። በሻሽ ጠቅልዬ፣ በፌስታል አድርጌ ደሴ መንገድ ጀመርሁ።

ፍተሻ ላይ ሁላችንንም አወረዱን። አንድ ወታደር ፌስታሉን ከፈተ። ከጦርነቱ በኩል የመጣች ሴት፣ ሻሽ ውስጥ የተጠቀለለ ብረት። እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ድምፅ ነው" አልሁት። ከአፌ አመለጠኝ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ሁለት እርምጃ ሸሹ።

"የማን ድምፅ?"

"የጓደኛዬ። ሳዑዲ ናት። እናቷ በየገበያው እየመጡ ይሰሙት ነበር። ጠፋ። የሚያወጣልኝ ሰው ደሴ አለ።" አለቃውን ጠራ፤ ሁለቱም አገላብጠው አዩት፤ አለቃው ደብተሬን ሳይቀር ገልጦ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ። ከዚያ ሻሹን ራሱ መልሶ ጠቀለለልኝ።

"ጠፍቶ ከሆነ ምን ልትሰሚው ነው?" አለ፣ አላሾፈም። ሂጂ አለኝ።

መስከረም 26፣ ደሴ

ሰላሀዲን ዲስኩን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አያይዞ ሲያስስ ዋለ። የተገኙት ስም የላቸውም፤ ፋይል አንድ፣ ፋይል ሁለት እያለ ይደረድራቸዋል። ብዙው የሰው ፎቶ ነው፣ ግማሽ ፊት፣ ግማሽ ግራጫ። የሀኒያን ሦስት ብቻ አገኘ፣ ሦስቱም የተቀደዱ። አንዱ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ "እማየ እንዴት ነሽ፣ እኔ ደህ" ብሎ ይንጫጫል። አራተኛው የለም። ሳቁ የለም።

"ቀድመሽ ብትመጪ ኖሮ" አለኝ። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ፣ ከዚያም አልፎ፣ ሱቅ ከፍቼ ስከትብበት እንደሰነበትሁ ያውቃል፤ ዲስኩ ይነግረዋል።

ቀጥሎ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። "ይቺ ግን ሙሉ ናት። ሁለት ደቂቃ ከአርባ። ከዲስኩ ዳር ስለነበረች አልተነካችም። የጥር ናት። ከሰባቱ ውስጥ የጥር አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያ ይቺን ፕሮግራምሽ አይደለም የሰረዘው። በእጅ ነው።" ሊያጫውታት ሲል የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀልሁት። ሁለታችንም ገመዱን አየነው። አራቱንም ሜሞሪ ካርድ ላይ ገለበጠልኝ፤ ስልኬ ውስጥ ከተትሁት።

ጥቅምት 8፣ መውሊድ

አልሄድሁም። ወደ አርዲቦ የምትመለስ ሴት በገበያ አገኘሁና "መብራት ስለሌለ አልተሠራም በሉልኝ" ብዬ ላክሁ። ሦስቱን ቁራጭ ላሰማቸው እችል ነበር። ግን ቁራጩን ካሰማሁ "ሌላስ?" ይላሉ።

ጥቅምት 12

የመውሊድ መልእክተኛዬ ተመልሳ ነገረችኝ። እትየ ረቢያ ሴቶቹን "ኡሙ ሳትመጣ አንጀምርም" ብለው እስከ አስር ሰዓት አስቀምጠዋቸዋል። ከዚያ ያለ ድምፁ ዱዓ ተደረገ። መጨረሻ ላይ ለእኔም አስደርገዋል፣ በስሜ።

ጥቅምት 19

ከባድ መሣሪያ። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። መናኸሪያው ባዶ። ታረቀኝ የልብስ ስፌት መኪናውን ራስ ብቻ ፈትቶ ተሸክሞ ወደ ደሴ ሄደ፤ ነይ አለኝ፤ እከተልሃለሁ አልሁት። ቤተሰብ የለኝም፣ ወላጆቼ ካረፉ ቆይተዋል። ዲስኩን፣ ስልኩን፣ ደብተሩን ያዝሁ። ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲጎርፍ እኔ ወደ አርዲቦ ታጠፍሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ጥቅምት 24፣ አርዲቦ

እትየ ረቢያ በሩ ላይ ሲያዩኝ "ልጀ" ብለው አቀፉኝ። የሀኒያን ቦታ ሰጡኝ፣ የሀኒያን ጋቢ ለበስሁ። በአንድ ትሪ እንበላለን። ሥጋ ባይኖርም ሽሮውን ወደኔ ይገፉታል፤ አልበላ ካልሁ ያጎርሱኛል።

መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። ስልኬን አጥፍቼ ይዠዋለሁ፤ ባትሪው ሠላሳ አንድ በመቶ ነው። ዲስኩ ትራሴ ሥር ነው። አንድ ጊዜ ትራሱን ሲያነሱ አዩትና "ይሄ ነው የታመመው?" አሉ። አቧራውን ጠርገው መልሰው አስቀመጡት።

ኅዳር 3

ሦስቱን ቁራጭ አሰማኋቸው። ከእንግዲህ መደበቅ አቃተኝ። የተረፈው ይሄ ብቻ ነው፣ የቀረውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ በፕሮግራሜ፣ አልኋቸው። ይህን እንኳ አልሁ። አሥራ አንዱን ሰከንድ አራት ጊዜ ሰሙ። "እኔ ደህ" በሚለው ላይ ሲቆረጥ እሳቸው "ና ነኝ" ብለው ይጨርሱላታል።

"አይዞሽ፣ አውቀሽ አይደለም" አሉኝ።

ባትሪ ሃያ ሁለት።

ኅዳር 11

ታጣቂዎች በመንደሩ አለፉ። ስልክ ይሰበስባሉ ተባለ። እትየ ረቢያ ስልኩን ከእጄ ወስደው የማሽላ ጎታ ውስጥ ቀበሩት፤ እኔን ከኋላቸው አደረጉኝ። አንዱ ገብቶ "ስልክ?" ሲል፣ "ልጀ፣ እኔ የልጀን ድምፅ የምሰማበት እንኳ የለኝ" አሉት። አይኑን አዙሮ ወጣ። ከሄደ በኋላ መሬት ተቀመጡ። እኔን ለማዳን አልነበረም፤ አሥራ አንዷን ሰከንድ ለማዳን ነው። አንድ ቀን እውነቱን ቢያውቁ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ አሰብሁ። ያውቃሉ ወይ? አያውቁም።

ኅዳር 18

ባትሪ ስድስት። ቁራጮቹን እያሰማሁ ጨረስሁት። ዛሬ እንዲህ አሉ፦

"የት እንዳለች ባውቅ፣ ባትደውልም ዝም እል ነበር። የት ብለሽ ነው ዱዓ የሚላከው?"

ውጭ ወጣሁ። ሐይቁ ላይ አንድ ሰው የለም። ተመልሼ ገባሁና ስልኩን አበራሁ፣ አምስት አለ። "እትየ፣ ስምንተኛ አለ" አልኋቸው። ማዳመጫ አላደረግሁላቸውም፤ እኔም መስማት ነበረብኝ።

"ኡሙ፣ እኔ ነኝ። ይሄን ለእማየ አታሰሚ። የወሰድሽኝ ቤት እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂ ነበር። ሴትዮዋ ራሷ ነገረችኝ፤ ተተኪ ካላመጣሽ አትወጭም ብላሽ ነው እኔን ያስመጣሽኝ። ሁለት ወር ይሆነኛል ከበር ካልወጣሁ። አልረግምሽም ኡሙ፣ ግን ብትነግሪኝ ኖሮ አውቄ እመጣ ነበር። ነገ ልጠፋ ነው። ጅዳ አሚናት የምትባል የባቲ ልጅ አለች፣ እሷ ጋ ነኝ። ቁጥሯን ያዥ። ስልኬን ሊወስዱብኝ ነው፤ ካንቺ በቀር በቃሌ የምይዘው ቁጥር የለኝም። ደህና ስሆን ለእማየ ንገሪያት፣ በዚህ ቁጥር ትደውልልኝ። እጠብቃለሁ።"

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ትላለች። መሃል ላይ ሳትስቅ ትጨርሳለች። ባትሪው አልቆ ስልኩ ጠፋ።

ጥር ላይ እንደሌሎቹ ዲ ላይ ገልብጬ የሰማሁት ዕለት ነው የሰረዝሁት፣ በእጄ፣ ቅርጫትም ሳላስገባ። ስልኬም ሰኔ ላይ አልጠፋም። ያን ዕለት ሲሙን ሰብሬ ጣልሁት፤ ቀፎውን ለሰው ሰጠሁት።

እትየ ረቢያ አልጮሁም። ቁጥሩን ጻፊው አሉኝ። የደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፍሁት።

ኅዳር 19

ምሳ በተለየ ሰሃን ቀረበልኝ።

ኅዳር 26

አሁንም በሰሃን። ጠዋት ጋቢውን አጣጥፌ ቦታው ላይ አኖርሁ፤ ማታ ተመልሶ ተነጥፎልኝ አገኘሁት። "ብርድ ነው" ብቻ አሉ። ልሂድ ብል ማሽላቸውን መልቀም ይቀጥላሉ። ቢመቱኝ ይሻል ነበር ብዬ እጽፍ ነበር፤ እሱም ለራሴ ማዘን ነው።

ታኅሣሥ 4

መንገድ ተከፈተ። ሐይቅ ከተማ ሄጄ ሱቄን አየሁት። በሩ ተገንጥሏል፣ ኮምፒውተሩ የለም። ዲስኩ እኔ ጋ መሆኑ ሳያስቅ አልቀረም፤ የመርሳዋ ሀኒያ ዘጠኝ ድምፅ ሙሉ ነው፣ አንድ ሰከንድ አልጎደለም። ፎልደሩ ላይ የአባቷን ስም ልጨምርበት እፈልጋለሁ። ግን የት አገኛታለሁ?

ታኅሣሥ 20

ደሴ ኔትወርክ ተመለሰ አሉ። ለእትየ ረቢያ ስነግራቸው ጫማቸውን እያደረጉ ነበር።

ታኅሣሥ 21፣ ደሴ

ሰላሀዲን ጄኔሬተር ያለው ሰው ጋ ወሰደን፤ ስልኩ ተሞላ። ቁጥሩን መታሁ። ሦስት ጊዜ አልተነሳም። አራተኛው ላይ አንዲት ሴት "ማን ልበል?" አለች። አሚናት ናት። ማንነታችንን ስነግራት ቃሏ ተጣደፈ።

"አሁን ነው የምትደውሉ? መጥታ ነበር እኮ! እስከ ረመዳን እኔ ጋ ነበረች፤ ስልኬን ከእጇ አትለይም፣ ሽንት ቤት እንኳ ይዛው ነበር የምትገባ። እናቴ ትደውላለች እያለች። ኋላ ተስፋ ቆረጠች። ቤቱን ጥዬ ስለጠፋሁ ተቀይማኛለች አለች። ሥራ አግኝታ ጣኢፍ ሄዳለች። ደህና ናት፣ አልሃምዱሊላህ። ስልኳን አሠሪዎቿ አንዳንዴ ነው የሚሰጧት። ቁጥሯን ልስጣችሁ፤ ድምፅ ላኩላት፣ ስታገኘው ትሰማዋለች።"

"ደህና ናት" የሚለውን ሲሰሙ እትየ ረቢያ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ደፉ። ቆየት ብለው ተነሡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"እንዴት ነው የሚላከው?"

ይቺን ቁልፍ እስከተጫንሁ ድረስ ይቀዳል፣ ስለቃት ይሄዳል አልኋቸው።

"ያዥልኝ እንግዲያ። እጅሽን እንዳታነሺ።"

ያዝሁ።

"ሀኒያየ፣ እማየ ነኝ። አልተቀየምሁሽም። ድምፅሽን አልሰማሁም ነበር። የደበቀችው ኡሙሰልማ ናት፣ ወደዚያ ቤት እያወቀች የላከችሽም እሷ ናት። ይኸው አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ቁልፉን የያዘችልኝ እሷ ናት። እኔ ምን እንደማደርጋት አላውቅም፣ አንቺ ስትመጪ እንነጋገራለን። ብርድ እንዳይመታሽ። የትም ብትሆኚ ዱዓዬ አለሽ። ደውይልኝ ልጀ፣ እጠብቃለሁ።"

ቁልፉን አንድ ቦታ ላይ ብለቀው ኖሮ ስሜ ሳይጠራ ይቆረጥ ነበር፤ መቁረጡ ስንት ቀላል እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ያዝሁት። ከዚያ ለቀቅሁት፣ ሄደ።

ቅጂውን ሰላሀዲን ኮምፒውተር ላይ "ረቢያ፣ ለሀኒያ ሀሚዱ" ብዬ አስቀመጥሁ። ሁለተኛ ቅጂ ፍላሽ ላይ። ሦስተኛ ሜሞሪ ካርድ ላይ። እትየ ረቢያ ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር።

"አራተኛም ይኑር" አሉኝ።